ንግግር የጨረሰው ባትሪ

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል ሰው ካየሁ እጁን በመፍቻ ነው የምለው። ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሁሉ ምልክቴን እጁ ላይ ይዞ ይዞራል። ዲናሞ ይሙላ አይሙላ ለማወቅ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፦ ሞተሩን ያስነሱና ኔጌቲቩን ገመድ ብድግ ያደርጉታል። ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ጤነኛ ነው»፤ ከጠፋ «ሞቷል»። በአያቶቻቸው መኪና ላይ ይህ ያስኬድ ነበር። የአሁኑ ዲናሞ ሆድ ውስጥ ግን ዳዮድ የሚባል ስስ ዕቃ አለ። እየዞረ ባትሪውን ሲቀሙት፣ ያመነጨው ኃይል መሄጃ ያጣና ያንኑ ዳዮድ ያቃጥለዋል። ጤነኛውን ሰው «ታመሃል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ መግደል ማለት ነው። ቴስተር ተሠርቶላቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጦ!

እኔ ኢንሳፍ ግን ይህንኑ ድንቁርና አገር በተሰበሰበበት ሠርቼዋለሁ፣ ያውም በወንድሜ አውሮፕላን ላይ። ዛሬም ቢሆን እሠራዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ወንድሜ ኡበይድ ብየዳ ቤት ነበረው። የሐይቅን የብረት በር ግማሹን የበየደው እሱ ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ አንድ ክረምት ላይ የአልሙኒየም ቱቦ መቁረጥ ጀመረ። ሸራ ወጠረ፣ ከተገለበጠች ትንሽ የቤት መኪና ሞተሯን አወጣ፣ ግቢያችን ውስጥ ክንፍ ያለው ነገር ቆመ። ከለውጡ በፊት ያየው ሁሉ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ያሳስርሃል» ይለው ነበር። ለውጡ ሲመጣ ደግሞ ያው ሰው «ማሻአላህ፣ የአገር ኩራት!» ማለት ጀመረ። አውሮፕላኑ አልተለወጠም፤ የሰው አፍ ነው የተለወጠው።

መኪና ኤሌክትሪክ የኔ ሥራ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ቆርቆሮ ቤት አለኝ። የአውሮፕላኑን ሽቦ ልዘረጋለት የተስማማሁት በአንድ ነገር ነው፦ ከኤሌክትሪኩ ላይ እጁን እንዳያስገባ። መኪና ባትሪው ቢደክም ዳር ይዞ ይቆማል። ሰማይ ዳር የለውም። የዚያ ሞተር እሳቱም የነዳጅ ፓምፑም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ዲናሞው መሙላት ካቆመ ባትሪው ባለችው ጥቂት ይጎትተዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ዝም ይላል።

ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ከሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ተነስቶ አንድ ዙር ዞሮ ባረፈ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቼ እገባበት ነበር። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ከላላ ያንሸራትታል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል። የካርቦኑን ብናኝ አጸዳለሁ። ሽቦ የያዘውን ቡሎን ሁሉ አንድ በአንድ እነካካለሁ፤ አውሮፕላን እንደ ወፍጮ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ያጠበቁትን ሁሉ ይፈታል። ኡበይድ ደግሞ አጠገቤ ቆሞ «አልበዛም?» ይለኛል። «የቺንጋው ጩኸት ሐይቁ መሀል ላይ ሲሰማህ በዝቶ እንደሆነ ትነግረኛለህ» እለዋለሁ።

ከአሮጌ የጭነት መኪና ያወጣሁትን ቀይ መብራት ፊት ለፊቱ ተከልኩለት። ዲናሞው ሲሞላ ይጠፋል፤ መሙላት ሲያቆም ይበራል።

«ይሄ በርቶ ከመሬት አትነሳም» አልኩት።

«ወላሂ አልነሳም። አብሽሪ እታለም።»

አብሽሪ፣ አይዞሽ ማለቱ፣ የዘወትር ቃሉ ነበረች። ጣቱን ብረት ቢቆርጠው አብሽሪ፤ በሬ ቢያባርረው አብሽሪ። እኔ ደግሞ ለአብሽሪ የሚሆን ጆሮ የለኝም፤ መሐላውን ነው የያዝኩት።

ከዚያ የክብረ በዓሉ ቀን መጣ። አቶ አሻግሬ የሚባሉ ባለሥልጣን፣ አንደበታቸው የሚጣፍጥ ሰው፣ «የአካባቢያችን ልጅ ሕዝብ ፊት ይብረርልን» ብለው ቀን ቆረጡ። ሜዳው ላይ ዳስ ተጣለ። ከውጫሌ በሚኒባስ፣ ከገጠሩ በእግሩ፣ ከሐይቁ ገዳም ቀሳውስቱ ሳይቀሩ መጡ። ሰው እንደ ጥምቀት ነጭ ለብሶ ሐይቁን ዞሮት ቆመ። እናቴ ሲቲ ከፊት ወንበር ተሰጣት፤ ከጎኗ አባባ ኸሚስ ተቀመጡ። አባባ ኸሚስ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ እኛ ዘንድ ሬሳ የሚያነሳ፣ ለቅሶ የሚያስተናግድ፣ ጠብ የሚፈርድ የሰፈር ማኅበር ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ቅሬ ያኮረፈው ሰው ቀባሪ የለውም ይባላል።

አቶ አሻግሬ ማይኩን ይዘው «የተከበራችሁ…» እንዳሉ መብራት ጠፋ። የከተማው ሁሉ። ሞንታርቦው ጭጭ አለ።

እኔ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የአቶ አሻግሬ ሰዎች ከጓዛቸው መሀል ኢንቨርተር የሚሉትን፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ሳጥን አውጥተው ወደ አውሮፕላኑ መጡ። ለካስ መኪናዎቻቸው መንገድ ዳር ቀርተዋል፣ ሰው ሞልቶ መግባት አልቻሉም። ሜዳው ላይ ያለው ባትሪ የኡበይድ ባትሪ ብቻ ነው።

«አይሆንም» አልኩ። «ይሄ ሞንታርቦ የሚጠጣውን ያህል ዲናሞው አያመርትም። ያውም አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ፣ በዝግታ እየዞረ!»

ኡበይድ አየኝ፣ ከዚያ እናቴን አየ። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ኢንሳፍ! የእንግዳ ፊት አይመለስም» አለችኝ። «ለእንግዳ ውሃ ነው የምትከለክይው?»

«ውሃ አይደለም እማ፣ የልጅሽ ነፍስ ነው!»

«ኧረ በአላህ ዝም በይ! ምን ይሉናል?»

ምን ይሉናል። ወሎ ላይ እንግዳ የለመነውን የከለከለ ሰው፣ ከሰው ተራ አይቆጠርም። ልጁ ሳይበላ እንግዳ የሚያበላ አገር ነው፣ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። ግን የባትሪን ነገር ይሉኝታ አያውቀውም። ኡበይድ አንገቱን ደፍቶ «አንድ ንግግር ነው እታለም» አለና ሳጥኑን ቀጠለላቸው።

አንድ ንግግር! አቶ አሻግሬ ተናገሩ። ከእሳቸው በኋላ ከእሳቸው በላይ ያለው ተናገረ፣ ከዚያ ከእሳቸው በታች ያለው ተናገረ። ሁሉም ክንፍ ክንፍ አሉ። ለውጡ ክንፍ ነው፣ ወጣቱ ክንፍ ነው፣ አንድነታችን ክንፍ ነው። እውነተኛው ክንፍ አጠገባቸው ቆሞ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ዲናሞው በአቅሙ ላይ ሌላ አቅም ተጭኖበት ሲንተከተክ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየውም። በየመሀሉ ሙዚቃ ይለቃሉ። በየመሀሉ ይጨበጨባል። እኔ ኮፈኑ አጠገብ ቆሜ የቫርኒሽ ሽታ ይሸተኝ ጀመር። ይህን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዲናሞ ጥቅል ሽቦ ሲጠበስ ነው።

ሄጄ የሞንታርቦውን ገመድ በገዛ እጄ መዝዤ ልጥለው ስል አንዱ ጠባቂ ደረቴን ገፋኝ። «እህት፣ ፕሮግራም አታበላሺ» አለኝ። እኔም ገፋሁት። ግን አንድ ሴት ስንቱን ትገፋለች?

በመጨረሻ አበቁ። አባባ ኸሚስ ዱዓ አደረጉ፣ ካህናቱም ባረኩ። ሳጥኑ ከአውሮፕላኑ ተፈታ፤ ማይኩን ግን አቶ አሻግሬ «ልጁ እስኪንቀሳቀስ ድረስ አስተላልፋለሁ» ብለው በቀጭን ገመድ ከዚያው ባትሪ ላይ ካለች አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ጋር አስቀሩት። ኡበይድ ገብቶ ተቀመጠ፣ ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ ጮኸ። ፕሮፔለሩ ሣሩን አስተኛው።

ቀዩ መብራት ግን አልጠፋም።

ቴስተሬን ባትሪው ላይ ነካሁ። አስራ አራት ቮልት ማለት ሲገባው አስራ አንድ አለ፣ እያየሁትም ይወርድ ነበር። ዲናሞው ሞቷል። ባትሪው ውስጥ የቀረው ከሜዳው አንስቶ ሐይቁ መሀል የሚያደርስ ብቻ ነው።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ጮህኩበት። «ኡበይድ! ዲናሞው ተቃጥሏል! ውረድ!»

መብራቱን አየው። አየው፤ ያላየ መስሎ ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዉን አየ፣ ሐይቁን ዞሮ የቆመውን ነጭ ሁሉ፣ እናቱን፣ አቶ አሻግሬን። እጁን ሰደደና ከቱታዬ ኪስ ጥቁሩን ናስትሮ፣ እኔ ሽቦ የምጠቀልልበትን፣ አወጣ። በጥርሱ ቆርጦ ቀዩ መብራት ላይ ለጠፈው።

«ይኸው ጠፋ» አለኝ። «አንድ ዙር ብቻ ነው። አብሽሪ እታለም።»

በገዛ ናስትሮዬ! ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። አስር ቁጥር መፍቻ እጄ ላይ ነበር። ባትሪው ከመቀመጫው ኋላ ነው፤ ጎንበስ ብዬ የኔጌቲቩን ቡሎን አላላሁና ገመዱን ብድግ አደረግሁት።

ሞተሩ ጠፋ። ወዲያው ነው የጠፋው። ፕሮፔለሩ ሁለቴ ተንገዳግዶ ቆመ። ዲናሞው ቢሞላ ኖሮ አይጠፋም ነበር። የሰነፍ ኤሌክትሪሺያን ፈተና ነው፣ ሰው እጁን የምመታበት፤ ያን ቀን ግን ከቴስተር የበለጠ ጮኾ ተናገረ። በዚያ ሜዳ ላይ ቋንቋውን የሰማነው ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ኡበይድ። ሌላው ሰው ያየው፣ አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ የወንድሟን አውሮፕላን ስትገድል ነው።

ፉጨት ተነሳ። «ቅናት ነው!» አለ አንዱ። «ጂን ይዟታል!» አለ ሌላው። አቶ አሻግሬ ማይካቸውን ሲነኩት እሱም ሞቷል። በባዶ አፋቸው፣ እየሳቁ፣ «ችግር የለም፤ ዋናው ሐሳቡ ነው!» አሉ። ዋናው ሐሳቡ ነው! ሰዉም አጨበጨበላቸው። ባትሪውን ፈትቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና በሰዉ መሀል ሰንጥቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከኋላዬ እበት ወረወሩብኝ።

ማታውን እናቴ እራት አልቀረበችም። አባባ ኸሚስ በሳምንቱ ቤታችን መጡና፣ ቅሬው ተሰብስቦ እንግዶቹ ዘንድ ሄጄ ጉልበት ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ መፍረዱን ነገሩኝ።

«አባባ፣ አንቱ አባቴ ኖት» አልኳቸው። «ወንድሜን ከነክንፉ ከሐይቁ አውጥታችሁት ቢሆን ኖሮ ለማን ነበር ጉልበት የምስመው?»

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው ልጄ። የምናውቀው እንግዳ መዋረዱን ነው።»

አልሳምኩም። ቅሬው አኮረፈኝ። ገበያ ላይ ሴቶቹ ሰላምታዬን በአፍንጫቸው ተቀበሉት። የቆርቆሮ ቤቴ በር ላይ አንዱ በከሰል «ነቃይት» ብሎ ጻፈበት፣ ስሜ ሆኖ ቀረ። ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ኡበይድን ነው።

«እውነትሽን ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ የብየዳ መነጽሩን እያወለቀ። «ተቃጥሎ ነበር፣ አውቃለሁ። ብነሳ እወድቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ምንም። ግን መንገድ ላይ ሳልፍ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ፓይለት! ዛሬስ እህትህ ፈቀደችልህ?›»

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ወደ ተመለሰው አውሮፕላን አልቀረበም። እኔ ግን ዲናሞውን አውርጄ ፈታሁት። ዳዮዶቹን ለወጥሁ፣ ካርቦኑን ለወጥሁ፣ ያረጀውን ቺንጋ ጣልኩና አዲስ አስገባሁ፣ ኩሽኔታው ስለ ጮኸብኝ እሱንም ቀየርኩት። ጥቁሩን ናስትሮ ከቀዩ መብራት ላይ በጥፍሬ ፋቅሁት። ጁምዓ ጁምዓ ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፣ መብራቱ ጥፍት ይላል፣ ባትሪው ይሞላል። ኡበይድ ከብየዳ ቤቱ ድምፁን ይሰማል። «ና እየው» እለዋለሁ። «አብሽሪ፣ ነገ» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ለውጡ አረጀ፣ ጦርነቱም መጣ።

ነሐሴ ላይ ነው። ከወልድያ መንገድ ተፈናቃይ በሚኒባስም በጋሪም ይጎርፋል። በገበያ ቀን አንድ ፒካፕ ሞንታርቦ ጭኖ ገበያው መሀል ቆመ። ድምፁን ከጋራዤ ሆኜ አወቅሁት። አቶ አሻግሬ ናቸው። ክንፍ የምትለዋን ቃል ጥለው አሁን ክንድ ይላሉ። ወጣቱ ክንድ ነው፣ ክንዳችን አይዝልም። መብራት ነበር ያን ቀን፣ ግን መብራት አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸውን ባትሪ ይዘው ነው የመጡት። ተምረዋል!

ማን እንደሚሄድ ልቤ ነገረኝ። መፍቻዬን ሳልጥል ሮጥኩ። ዘማች የሚወስደው የጭነት አይሱዙ ጫፍ እስከ ጫፍ ልጅ ተጭኖበታል፣ ሞተሩ ይጮኻል። ኡበይድ ከኋላ፣ ከብረቱ ላይ ተቀምጧል። «ፓይለት» እያሉ ሲሰድቡት የከረሙት ልጆች ያጨበጭቡለታል።

«ውረድ!» አልኩት።

«እታለም፣ ሰው ፊት ነው…»

«ውረድ አልኩህ! ብየዳ እንጂ ጠብመንጃ መቼ ይዘህ ታውቃለህ? እማንስ?»

«ስንቱ ሄዷል። እኔን ደግሞ እህቱ አስቀረችው ይበሉኝ?» አለ። ብረቱን ጨበጠ። «አንዴ ቀርቻለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

ወደ መኪናው ጎን ዞርኩ። የአይሱዙው ባትሪ ጎኑ ላይ፣ ከሻሲው አጠገብ ነው ያለው። ክዳኑን ወርውሬ ጣልኩት፣ ቡሎኑን ፈታሁ፣ ገመዱን ነቀልኩት። ሹፌሩ ሊሰድበኝ አንገቱን አወጣ፣ ሰው ጮኸ።

ሞተሩ አልጠፋም።

ማወቅስ አውቄው ነበር። ስንቱን የናፍጣ መኪና የጠገንኩ ሰው ነኝ። አሮጌ ናፍጣ አንዴ ከተነሳ ባትሪም ዲናሞም አይፈልግም፤ ጭሱን እየተፋ ይሄዳል። እያወቅሁ ነው የነቀልኩት። እጄ ሌላ አያውቅም።

ኡበይድ ከላይ ሆኖ አየኝ። ሳቀ፣ የልጅነት ሳቁን፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

«እታለም፣ ናፍጣ ነው እኮ» አለኝ። «ነቅለሽም አይቆምም።»

አይሱዙው ሄደ። ገመዱ መሬት እየጠረገ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሐይቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውጊያው ወደ እኛ ሲመጣ እናቴን ይዤ አምባሰል ገጠር ዘመድ ቤት ገባሁ። ከጓዛችን ያስቀደምኩት የአውሮፕላኑን ባትሪና ዲናሞውን ነው። እናቴ በአህያ ላይ ተቀምጣ «ብርድ ልብሱን ትተሽ ብረት?» አለችኝ። አህያዋን ነዳሁ። ጭድ ክምር ሥር ቀበርኳቸው። ስንመለስ ጋራዤ ባዶ ነበር፣ ሱቁ ሁሉ ባዶ ነበር፣ የክንፉን ሸራ ማን እንደሆነ እንጃ ቀዶ አንጥፎት ተኝቶበታል።

የኡበይድን መርዶ ያመጣው አብሮት የዘመተ ልጅ ነው፣ በምርኩዝ። ከውጫሌ በላይ ባለ ተራራ ላይ ነው የወደቀው። ከቤቱ በሚኒባስ የሚደረስበት ቦታ! ሬሳ አልመጣም። ቅሬው ኩርፊያውን ትቶ ግቢያችንን ሞላው። አባባ ኸሚስ እጄን ይዘው ከጎኔ ተቀመጡ። እናቴ አላለቀሰችም። የአውሮፕላኑን ቱቦ እየዳበሰች ትውላለች።

በጋው ሳያልቅ አቶ አሻግሬ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገሬ ሰው። ተኩሱ ሲቀርብ የት እንደነበሩ ማንም አልጠየቃቸውም። የወደቁትን የምንዘክርበት በዓል ይደረግ አሉ፣ በዚያው በሐይቁ ዳር ሜዳ። መስመሩ ተበጥሶ መብራት ገና አልተመለሰም። የከተማው መኪና፣ ያ ባለ ሞንታርቦው ፒካፕ ሳይቀር፣ ግማሹ ተዘርፏል፣ ግማሹ ባትሪ የለውም። አባባ ኸሚስ ከሁለት ሽማግሌ ጋር በራችን ላይ ቆሙ። ለመናገር አፍረው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ለሞንታርቦው ነው» አሉ። «ያንቺ ባትሪ ሙሉ ነው ይላሉ።»

ሙሉ ነበር። ለአንድ ቀንም ባዶ ትቼው አላውቅም፤ ተፈናቅዬ እንኳ ከጭዱ ሥር እያወጣሁ የዘመዴን ትንሽ ሶላር ለምኜ እሞላው ነበር። ለማን ብዬ እንደምሞላው አትጠይቁኝ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ከውስጥ፣

«ስጫቸው» አለች። «ለልጄ ስም ነው። እንግዳ ናቸው።»

ተሸክሜ ወሰድኩት። በሌላ ሰው እጅ አላስነካም ብዬ ራሴ ቀጠልኩት፣ አጠገቡም ቁጭ አልኩ። እናቶች በወንበር ተደርድረዋል፤ እናቴ አጠገቤ ናት። አቶ አሻግሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ስም እየጠሩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ነገር ይላሉ። ወደ ኡበይድ ደረሱ።

«ኡበይድን ማን ይረሳዋል! እዚህ፣ እዚሁ ሜዳ ላይ፣ በለውጡ ማግስት፣ በገዛ እጁ በሠራው አውሮፕላን ተነስቶ ይህን ሐይቅ ሲዞር በዓይኔ ያየሁት ጀግና! ያን ቀን የበረረው ክንፍ ዛሬም…»

ሰዉ አጨበጨበ። ያን ቀን እዚያው ቆሞ ያፏጨው ሰው አጨበጨበ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «በረረ?» አለችኝ በቀስታ።

«አልበረረም እማ። ያን ቀን አልበረረም።»

«ለምን አልበረረም?»

«ባትሪውን እነሱ ጨርሰውት ነው።»

የማታውቀውን ነገር አልነገርኳትም። እየሰማች እንቢ ያለችውን ነው የነገርኳት። ሞንታርቦው ከጀርባችን ይጮኻል፤ ክንፍ፣ ክንድ፣ ክንፍ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ባትሪውን አየችው።

«ንቀይው» አለችኝ።

«እንግዳ ናቸው እኮ እማ» አልኳት። መራራ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው ያልኩት፣ ያቃጥላት ብዬ።

«ንቀይው አልኩሽ!» ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። «የልጄ ባትሪ ነው፣ ንቀይው!»

አስር ቁጥሯ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ነቀልኩት።

የአቶ አሻግሬ አፍ ጥቂት ጊዜ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ቆየ። «ሃሎ፣ ሃሎ» አሉ ማይኩን እየመቱ። ጠባቂው ወደ እኛ መጣ፤ አባባ ኸሚስ ምርኩዛቸውን በደረቱ ትይዩ አድርገው አቆሙት። እናቴ ተነሳች። ባትሪው ሁለት እጀታ አለው፤ አንዱን እሷ ያዘች፣ አንዱን እኔ ያዝኩ። ከብዷት ነበር፣ አላስለቅቅም አለች። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠን። ማንም አላፏጨም።